ቅያሪ ጎማ የሌላት መኪና በጎጃም መንገድ

(ፍኖተ ሰላም ላይ ለአሽከርካሪዎች፣ ለጎሚስታዎችና ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



የዚህ መድረክ አዘጋጆች «ስለ ጎማ ንግግር አድርግልን» ብለው ሲጠሩኝ ትዝ ያለኝ «ለቀባሪው አረዱት» የሚለው ተረት ነው። የአይሱዙ ጎማ ሲፈለቀቅ እያየ ላደገ፣ በገበያ ቀን በቆሎና በርበሬ የጫነ መኪና መንገድ ዳር ተንፍሶ ሲቆም ለለመደ ሰው ስለ ጎማ መናገር ድፍረት ነው። ስለዚህ ስለምታውቁት ጎማ አልነግራችሁም። የማወራው ከመኪናው ውስጥ ስለጠፋው ጎማ ነው።

ርዕሴ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ቅያሪ ጎማ ስለሌላት መኪና ነው። ነገሩ ጎልቶ የታየው በስፖርት መኪና ላይ ነው። ስፖርት መኪና ስል ያችን ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ የቀረውን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭነውን፣ በፊልም ካልሆነ ቡሬ ላይ የማናያትን ማለቴ ነው። «እሷ እዚህ ምን ልትሠራ ትመጣለች?» እንዳትሉኝ። እሷ ባትመጣም ጠባይዋ መጥቷል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቁ ወዲህ በመንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከነዚህ ውስጥ የብዙዎቹን የኋላ ምንጣፍ ብትገልጡ የምታገኙት ጎማ ሳይሆን አንድ ጠርሙስ ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና አንዲት ትንሽ የአየር መንፊያ ነው። አንዳንዶቹ ላይ እሷም የለች።

ሦስት ነገር ላነሳ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ጎማውን ማን አወጣው? ለምንስ? ሁለተኛ፣ ጎማው መንገድ ላይ ሲተነፍስ ምን እናድርግ? ሦስተኛ፣ ከመነሣታችን በፊት ባለመኪናው፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ጎሚስታው ምን ያሰናዳ? ሦስቱንም እኩል አልመዝናቸውም፤ ብዙ የምቆየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው። በመሐል ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ እናገራለሁ፤ እንዳትሰለቹኝ። ጎማው የወጣው የእኛን መንገድ አይቶ አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በር ላይ የቆሙትን ባጃጆች ተመልከቱ። ባጃጅ ሦስት እግር አላት፤ አራተኛውን ይዛ ነው የምትዞረው። አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም፣ የድሮዋ ኮሮላም ይዘው ነው የሚዞሩት። ከሁሉም በላይ ብዙ ሚሊዮን ብር የወጣባት መኪና ግን ባዶ እጇን ትሄዳለች። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ?

የስፖርት መኪና ሠሪዎች ያደረጉት ያለምክንያት አይደለም። የብዙ ስፖርት መኪና የፊትና የኋላ ጎማ ስፋቱ ይለያያል፤ የኋላው ሰፊ ነው። ስለዚህ አንድ ቅያሪ ለሁለቱም አይሆንም። የፍሬኑ አካል ትልቅ ስለሆነ አነስተኛ ቸርኬ አይቀበልም። የዕቃ ቦታውም ጠባብ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ክብደት መቀነስ ለስፖርት መኪና ሃይማኖቱ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣችው አሜሪካዊቷ ሸቭሮሌ ኮርቬት ቅያሪ ጎማን ጭራሹን ትታ፣ አየር ቢያልቅበትም ለጊዜው መሄድ የሚችል ጎማ ተጫምታ መጣች። 

ከዚያ ተራዎቹ መኪኖች ተከተሏት። የእነሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። አንድ ሙሉ ጎማ ከነቸርኬውና ከነክሪኩ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ያ ከተነሣ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ በአንድ ቻርጅ የሚኬደው ርቀት በጥቂቱም ቢሆን ይጨምራል። ቦታ ይገኛል። ፋብሪካውም በየመኪናው የአንድ ጎማና የአንድ ቸርኬ ዋጋ ይተርፈዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ምክንያት ይኸኛው ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አታገኙትም።

ፋብሪካው ጎማውን ሲያወጣ በልቡ አራት ነገር አስቧል። መንገዱ ለስላሳ ነው፤ ዳር መቆሚያ ሰፊ ትከሻ አለው፤ ባለቤቱ ስልክ ሲደውል ጫኝ መኪና ይመጣለታል፤ በየከተማው የዚያ ቁጥር ጎማ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። እስኪ እነዚህን አራቱን ይዛችሁ ከደንበጫ ተነሡና በጅጋ በኩል እዚህ ድረስ ኑ። ስንቱን ታገኛላችሁ? ከሰፈራችሁ የኮብልስቶን ጠርዝ ጀምሮ፣ ከግንባታ ቦታ የተበተነው ሚስማር፣ በክረምት ውሃ ሞልቶት ጥልቀቱ የማይታየው ጉድጓድ፣ ለጥገና ተደፍቶ ሳይጠቀጠቅ የከረመው ስለታም ጥቁር ድንጋይ፤ ይህን የንድፍ መሐንዲሱ አላየውም። ጎማው የወጣው የእኛን መንገድ አይቶ አይደለም።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቹ አንድ ስሌት ላሳይ፤ ሌሎቻችሁም ብትሰሙት አትከስሩም። በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር እንውሰድ፤ 175/70 ይላል እንበል። 175 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግረናል። ስለዚህ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው ጎማ 122 ሚሊሜትር ያህል ነው። የድሮዎቹ ትናንሽ መኪኖች እንዲህ ነበሩ። አሁን 255/35 የተጻፈበትን የስፖርት መኪና ጎማ አስሉ፤ 89 ሚሊሜትር ትሆናለች። በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ያለችው ላስቲክ አራት ጣት ያህል ብቻ ናት ማለት ነው። ጉድጓድ ስትገባ ጎማው ተቆንጥጦ ጎኑ ይቀደዳል፤ ቸርኬው ይጣመማል። በጎን የተቀደደ ጎማ ደግሞ ፈሳሽም ሆነ ክር አያድነውም። ጎማ መቀየር በጣም የሚያስፈልጋት መኪና ቅያሪ የሌላት መኪና ሆና ቁጭ አለች። የአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎማ ይህን ያህል ስስ አይደለም። የእነሱ ጣጣ ክብደታቸው ነው። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለችው ባዶዋን 2 ቶን ያህል ትመዝናለች፤ ጉድጓዱን የምትመታው በዚያ ክብደት ነው።

በቅያሪው ፋንታ ምን ተሰጠን? ሦስት ዓይነት ምትክ አለ።

አንዱ ቅድም ያነሳሁት ጎኑ የጠነከረ ጎማ ነው። አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬድበታል። ይህን በእኛ ርቀት እንመዝነው። ከዚህ እስከ ቡሬ ችግር የለም፤ ቅርብ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከ80 ትንሽ ስለሚያልፍ ለጥቂት ይቀራል። ከቡሬ ተገንጥላችሁ ወደ ነቀምት ከሄዳችሁስ? 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ መሐሉ ላይ የዓባይ ቆላ አለ። እዚያ መሐል ላይ ከተነፈሰ 80 ኪሎ ሜትሯ የትም አታደርስም። ደግሞም ይህ 80 በጥሩ አስፋልት ላይ የተለካ ነው።

ሁለተኛው ፈሳሹ ነው። ወደ ጎማው በቫልቩ በኩል ይገባና ቀዳዳውን ይደፍናል። የሚደፍነው ግን መሬት በሚረግጠው ፊቱ ላይ ያለን፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሚስማር ከሆነ ይሆናል። ድንጋይ የቀደደውን አይችለውም። ሦስተኛው ቀጭኗ ጊዜያዊ ጎማ ናት፤ አለች ከተባለ ተመስገን ነው። እሷም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትነዳም። የምትገጥመውም ኃይል በማይሰጠው እግር ላይ ቢሆን ይመረጣል። መኪናዋን የሚጎትታት የፊት እግር ሆኖ የተበሳው የፊቱ ከሆነ፣ ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አምጡና ቀጭኗን ኋላ ግጠሙ። ድካም ነው፤ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ። እነሆ፣ መንገድ ላይ ነን። ከማንኩሳ አለፍ ብለን መሪው ወደ አንድ ጎን መሳብ ጀመረ፤ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ ምልክት በራ። ምን እናድርግ?

ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሡና ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። ከዚያ ቦታ ምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጎማዬ ይበላሻል» ብሎ ኩርባ ላይ ይቆማል። የጎማ ዋጋ ተከፍሎ ያልቃል፤ ከኋላ እህል ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ግን ኩርባ ላይ አያያችሁም። ጎማው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ቀስ እያላችሁ ጥቂት መቶ ሜትር ሄዳችሁ ሜዳ የሆነ፣ ከሁለቱም በኩል የሚታይ ቦታ ላይ ቁሙ። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ቤትና መብራት ያለበትን ፈልጉ። በዚህ ዘመን በጨለማ መንገድ ዳር መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው እኔ አላስረዳም።

ስትቆሙ አገሩ ይሰበሰባል። ከማሳ የተነሣው ገበሬ፣ ከብት ጠባቂው ልጅ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ይመጣል። ይህ የእኛ ሀብት ነው፤ ሌላው አገር ለዚህ ገንዘብ ይከፍላል። ነገር ግን ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። በድሮዋ ትንሽ መኪና ጊዜ ስድስት ጎበዝ «ሃይ! ሃይ!» ብሎ አንስቶ ድንጋይ ያስገባ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪናን እንዲህ አታድርጉ። ከባድ ናት። ከዚያ የባሰው ደግሞ ወለሏ ሙሉ ባትሪ መሆኑ ነው። ክሪኩን የትም ብትተክሉት፣ ወይም ሹል ድንጋይ ከሥር ብታስገቡ፣ የምትወጉት ከመኪናዋ ውድ የሆነውን ዕቃ ነው። ክሪክ የሚተከልባቸው አራት ቦታዎች በበሮቹ ሥር ጠርዝ ላይ ምልክት አላቸው፤ በዳሰሳ ታገኟቸዋላችሁ። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በሰያፍ ተቃራኒ ላለው እግር ታኮ አድርጉ፣ ተሳፋሪው ይውረድ፣ ከዚያ ብቻ አንሡ።

ፈሳሹን የምትጠቀሙ ከሆነ ሚስማሩን አትንቀሉት፤ እሱም መድፈኛ ነው። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁ። የአየር መንፊያዋን ከመኪናው የ12 ቮልት ማውጫ ላይ ሰኩ። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ታልፋለች፤ አትናደዱባት፤ በመሐል ግን ከጋለች አሳርፏት። ተነፍቶ ሲያልቅ ወዲያው መንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ፈሳሹ የሚዳረሰው ጎማው ሲሽከረከር ነው። ስለዚህ ሻይ ልጠጣና ልነሣ አይባልም። ወደ 10 ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ቁሙና ለኩ። ከ20 ፒኤስአይ በታች ከወረደ ጎማው አልዳነም ማለት ነው፤ እዚያው ቁሙ። ካልወረደ የቀረውን ሙሉና እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ቤት ድረስ ብቻ ሂዱ። «ተደፈነልኝ» ብሎ ከዚህ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር መቀጠል አይደለም። ጎሚስታው ጋ ስትደርሱም «ፈሳሽ ገብቶበታል» ብላችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት ሲከፍተው ፊቱ ላይ ነው የሚረጨው።

ምንም ካልተቻለና መጎተት ግድ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መኪናን በገመድ አስራችሁ አትጎትቱ። ሞተሩ ከእግሩ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ እግሩ ሲዞር ሞተሩም ይዞራል፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሊቃጠልም ይችላል። በጭነት መኪና ላይ ጫኗት። ደልዳላ ከፍታ ፈልጎ፣ የአይሱዙን ጀርባ አስጠግቶ መጫንን ፍኖተ ሰላም ላይ የሚያስተምር ሰው አያስፈልግም፤ በሬ ስትጭኑ የኖራችሁ ናችሁ።

እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ። መኪና ሲበላሽብን ከኋላና ከፊት ቅጠል እንጥላለን፤ ጥሩ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ቢኖር ይሻላል፤ ከሌለ ግን ቅጠሉን የማያውቅ ሾፌር የለም። ድንጋዩስ? መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። የአንዱ ታኮ ማታ የሌላው ጎማ መቅደጃ ይሆናል፤ ባጃጅም ይገለብጣል። ረዳቶች እዚህ ካላችሁ ይህችን ለእናንተ ነው ያመጣኋት። ድንጋዩን ሳታነሡ አትሳፈሩ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ። መጀመሪያ ባለመኪናውን፣ ቀጥሎ ጎሚስታውን።

ባለመኪና ሆይ፣ ቅያሪ ጎማ ግዛ። ሌላ ብልሃት የለኝም። ፋብሪካው ያወጣውን አንተ መልሰህ አስገባ፤ ጎማው የወጣው የእኛን መንገድ አይቶ አይደለምና። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብትሄድ ቸርኬ አታጣም። ነገር ግን «አምስት ብሎን ነው፣ ይገጥማል» ያለህን ሁሉ አትመን። የብሎኖቹ ክብ ስፋት ይለያያል። ቮልስዋገን አይዲ 4 ላይ 112 ሚሊሜትር ነው፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ 114.3 ነው። ልዩነቱ 2.3 ሚሊሜትር ናት፤ በዓይን አትታይም። እየታገልክ ሁለት ሦስት ብሎን ታስገባለህ፤ አምስቱንም በትክክል አታስራቸውም፤ መንገድ ላይ ይላላል። የመሐሉ ቀዳዳም አለ፣ የቸርኬው ጥልቀትም አለ። ስለዚህ ቸርኬውን ገዝተህ ከመሄድህ በፊት እዚያው አስገጥመህ፣ አስዙረህ፣ ፍሬኑን አለመንካቱን አይተህ ውሰድ። የጎማው ቁመትም ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰል። አራቱም እግር ኃይል የሚሰጥ ከሆነ የተለያየ ቁመት ያለው ጎማ ማርሹን ይጎዳል።

ጎማው በታሰበለት ጉድጓድ ካልገባ ከኋላ አስቀምጠህ በጠንካራ ገመድ እሰረው። ያልታሰረ ጎማ ግጭት ሲመጣ ወደ ተሳፋሪው አንገት ነው የሚበርረው። ከጎማው ጋር ክሪክ፣ የብሎን መፍቻ፣ ከቸርኬህ ጋር የመጣች የተለየች የብሎን ቁልፍ ካለችም እሷን ያዝ። ጎማ ይዞ፣ ክሪክ ይዞ፣ ያችን ቁልፍ እቤት የረሳ ሰው መንገድ ላይ የሚያሳየውን ፊት ሾፌሮች ታውቁታላችሁ።

የፈሳሹ ጠርሙስ የማብቂያ ቀን አለው። መኪናው በዱባይ በኩል፣ በጂቡቲ በኩል፣ በፀሐይ ሲንገላታ የመጣ ከሆነ ደግሞ ያቺንም ቀን አትመኑ። አንብቧት፤ ካለፈ ቀይሩ።

ስለ አየር ልክ ብዙ ሰው ስለሚከራከር ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋ ነን፤ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ እንወርዳለን፤ ወደ ደጀን መልሰን እንወጣለን። በዚህ መሐል የጎማችን ልክ ይለዋወጣል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ስንወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ብቻ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ 1.5 ያህል ይጨምራል። እና በረሃው ውስጥ ቆሞ «ጎማዬ በዝቶበታል» ብሎ አየር የሚያስወጣ አለ። ይህ ሰው ማታ ብርድ ሲገባ ጎማው ጎድሎ ያገኘዋል። የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ የጋለ ጎን ይፈነዳል። ልኩ በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ተጽፏል፤ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ነው። በጎሚስታው ልማድም፣ በወንድማችሁ መኪና ቁጥርም አትመሩ።

ወደ ጎሚስታዎች ልምጣ፤ የመጣሁት ይበልጡን ለእናንተ ነው።

ለአይሱዙ ጎማ የለመዳችሁት መንገድ ጥሩ ነው፤ ከመነዳሪ ያለው ጎማ መዶሻና ብረት ይችላል። ይኼ አዲሱ ግን ከመነዳሪ የለውም፤ አየሩን የሚይዘው የጎማው ከንፈር በቸርኬው ላይ መግጠሙ ነው። ከንፈሩ በብረት ከተላጠ ለዘላለም ያፈስሳል። ጎኑ አጭር ስለሆነም በእጅ ለመፈልቀቅ ይከብዳል፤ ማሽን ይፈልጋል። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ከቫልቩ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ የአየር ልክ የምታነብ ትንሽ መሣሪያ አለች። ብረቱን በቫልቩ አጠገብ ካስገባችሁ እሷን ሰበራችኋት ማለት ነው። ሥራችሁን ሁልጊዜ ከቫልቩ ራቅ ብላችሁ ጀምሩ። ደንበኛውንም ከመክፈታችሁ በፊት «መለኪያ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ቀዳዳውን ከውጭ በክር መሰካት ለመንገድ ይሆናል። ዘላቂው ግን ጎማውን አውጥቶ፣ ውስጡን ፈትጎና በማስቲሽ ቀብቶ ከውስጥ መለጠፍ ነው። ጎኑ ላይ ያለ ቀዳዳ ሲመጣላችሁ «አይሠራም» በሉ። ገንዘቡ ይቀርባችኋል፤ አውቃለሁ። «ከመነዳሪ ክተትበትና ሸኘኝ» የሚል ደንበኛም አለ። ለቀርፋፋ የገጠር መኪና ለጊዜው ያገለግል ይሆናል፤ በሰዓት 100 ለምትሮጥ ከባድ መኪና ግን ከመነዳሪው ከጎማው ጋር እየተፋጨ ግሎ ይፈነዳል። ብሎኑን ስታስሩ በዙር ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒ እሰሩ፤ መኪናዋ መሬት ላይ ስትወርድ አጥብቁ፤ ደንበኛውንም «50 ኪሎ ሜትር ሄደህ ደግመህ አስጠብቅ» በሉት። ከዚህ ለሄደ ሰው ቡሬን ካለፈ በኋላ፣ እንጅባራ ሲደርስ ማለት ነው።

ቀጥሎ የምለው ለወጣቶቹ ነው፤ ሥራ የሚወጣበት ስለመሰለኝ። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ናት። ቡሬ ደግሞ የነቀምት መገንጠያ ናት። መኪናው መሐል ላይ የሚሸነፈው እዚህ አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን ቅያሪ ጎማ የሚያከራይ ቤት አይኖርም? የምታከራዩት ብዙ ዓይነት መሆን የለበትም። በዚህ መንገድ በብዛት የሚያልፉትን ሦስት አራት ዓይነት መኪኖች ቁጥር ለዩ፤ ለእነዚያ የሚሆን ቸርኬና ጎማ አዘጋጁ። ደንበኛው መያዣ ገንዘብ አስይዞ ገጥሞ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እዚያ የራሱን ሲገዛ የእናንተን በአውቶቡስ ይልካል። አውቶቡስ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ዛሬም ቢሆን እዚህ የሌለ ጎማ ሲፈለግ የሚደረገውን ታውቃላችሁ፤ አዲስ አበባ ይደወላል፣ ዘመድ ገዝቶ ሌሊት የሚነሣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያስጭናል፣ ለረዳቱ የመንገድ ይሰጠዋል፣ ከሰዓት መናኸሪያ ላይ ትረከባላችሁ። ይህን ያህል የተዘረጋ አገልግሎት ስም ስላልወጣለት ብቻ የሌለ ይመስለናል። ፋብሪካው «ስልክ ይደውላሉ፣ ይመጣላቸዋል» ብሎ ያሰበው ነገር በእኛ አገር መልኩ ይኼ ነው። ጎማ ጠጋኙ፣ ረዳቱና መናኸሪያው ናቸው።

አስመጪዎችን ብዙ አልወቅስም፤ እዚህ ስለሌሉ ሐሜት ይሆንብኛል። መኪናውን ሲሸጡ ግን ገዢው «ቅያሪው የት አለ?» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። ከፈረመ በኋላ የሚጠይቀው እዚህ መንገድ ዳር ቆሞ ነው፤ የሚመልስለትም የለም። ዋጋው ላይ አንድ ጎማና ቸርኬ ጨምሩልኝ ብሎ የተከራከረ ሰው ያገኛል።

ንግግሬን እዚህ ላቁም፤ የቀረው በእጅ የሚታይ ነው። አዘጋጆቹ ግቢ ውስጥ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና አስቁመውልናል፤ ባለቤቷም ፈቅዷል። መጀመሪያ ሁላችን የክሪክ መትከያዎቿን በእጃችን እንዳስሳለን፤ ከዚያ ሁለት ቸርኬ፣ ባለ 112 እና ባለ 114.3፣ ተራ በተራ ለመግጠም እንሞክራለን። ጎሚስታዎቹ ከፊት ቁሙ፤ ተማሪዎች ከኋላቸው። ጥያቄ ያለው እዚያው ይጠይቀኝ።